ወፍ ማየት ሥራ መፍታት ነውን?

በአንድ የጥቅምት ወር ለዕረፍት ወደ ውርጌሳ ሄጄ ሳለሁ፣ በእናቴ ቤት ጓሮ በአራት እንጨት ላይ ሰፌድ የምታህል ሰሌዳ አቁሜ፣ በላይዋም ሁለት እፍኝ ማሽላ በትኜ፣ ከመስኮቱ ኋላ ስልኬን ደግኜ የሚመጡትን ወፎች ፎቶግራፍ ለማንሣት ተቀመጥሁ። ነገሩን የተማርሁት ውጭ አገር ቆይተው ከተመለሱ ወዳጆቼ ነበረ። በመጀመሪያው ቀን የመጣ የለም። በሁለተኛው ቀን ሁለት ድንቢጦች መጡ። በአራተኛው ቀን ግን ሰሌዳዋ በወፍ ተሸፍና እንጨቱ የማይታይ ሆነ፤ እኔም ከደስታዬ ብዛት ቁርሴን ረስቼ ስልኬን ስጫን አረፈድሁ።

በአምስተኛው ቀን ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉና ሰሌዳዋን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ምን እያረግህ ነው?» አሉኝ።

«ወፎቹን እያየሁ ነው፣ አባባ።»

«በማሽላ እየጠራህ?»

«ጥቂት ናት፣ አባባ።»

«ጥቂቷንማ አየኋት። እኔ የልጅ ልጄን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ፣ ማማ ላይ ሰቅዬ ወፍ አስጠብቃለሁ፤ አንተ ደግሞ ከከተማ መጥተህ ወፍ ትጠራለህ። እኔ ሳባርር አንተ ስትጠራ፣ ይኸ እንዴት ያለ ጉርብትና ነው?»

የተናገሩት በቁጣ አልነበረም። ይልቁንም ፈገግ ብለው ነበረ፤ ፈገግታቸው ግን ከቁጣ ይልቅ አሳፈረኝ። ሰሌዳዋን በዚያው ቀን ነቀልሁ። ነገር ግን ወፍ ማየቴን አልተውሁም፤ እንዲያውም ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ወጣት ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች እንዲሁ እንዲያደርጉ ለማሳሰብ ነው። ሽማግሌው የተናገሩት እውነት መሆኑን ሳልክድ፣ የእኔም ነገር ፈጽሞ ከንቱ እንዳልሆነ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ውርጌሳን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማመልከት ይገባል። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሰው ሐይቅንና ውጫሌን ካለፈ በኋላ፣ መርሳ ከመድረሱ አስቀድሞ የሚያገኛት የሐብሩ ከተማ ናት። በምዕራብ በኩል ደጋው እንደ ግድግዳ ቆሞባታል፤ በምሥራቅ በኩል ምድሩ እየዘቀዘቀ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። የዚህ አገር ሰው ኑሮው ማሽላ ነው። ማሽላው ፍሬ ይዞ ወተት መቋጠር ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ደርቆ እስኪታጨድ ድረስ፣ በየእርሻው መካከል ማማ ይሠራል፤ በማማውም ላይ አንድ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ከጎሕ እስከ ምሽት ይቆማል። ይኸውም የሚሆነው በመስከረምና በጥቅምት፣ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ወራት መሆኑ ነገሩን ይበልጥ መራራ ያደርገዋል።

እንግዲህ ያ ልጅ የሚያየውን እናስብ። ወፎቹ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጡ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ፣ የትኛዋ ብቻዋን የትኛዋ በመንጋ እንደምትበር፣ የትኛዋ ፍሬውን ጨምቃ ወተቱን ብቻ እንደምትጠጣ፣ የትኛዋ ደግሞ ማሽላውን ሳትነካ በአገዳው ላይ ያለውን ትል ለመልቀም እንደምትመጣ ያውቃል። ድምፅ ሰምቶ፣ ሳያይ፣ ወንጭፉን ማንሣት ይገባው ወይም አይገባው እንደሆነ ይለያል። ታላላቅ የወፍ ሊቃውንት በብዙ ድካም የሚማሩትን እርሱ በአሥር ዓመቱ ጨርሶታል። ይኸው ልጅ ተምሮ፣ ዲግሪ ይዞ፣ ቢሮ ገብቶ በመስኮቱ በኩል ያለፈችውን ወፍ ምን እንደሆነች ብትጠይቁት ግን «ወፍ ናታ!» ይላችኋል። ትንሽ የሆነችው ሁሉ ድንቢጥ፣ ትልቅ የሆነው ሁሉ አሞራ ሆኖበታል። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርሁ፤ ስለዚህ ሌላውን ለመውቀስ አልደፍርም።

ወደ ሽማግሌው ክርክር ልመለስ። የገበሬ ፍርሃት የከንቱ ፍርሃት አይደለም። ግሪሳ የምትባለው ወፍ በዓለም ላይ ካሉት የዱር ወፎች ሁሉ በቁጥር የምትበልጥ ናት ይላሉ ሊቃውንቱ። አንዲቱ ግሪሳ በቀን የምትበላው ወደ 10 ግራም ያህል ፍሬ ነው፤ ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ምን አላት?» ሊል ይችላል። ነገር ግን አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ያለበት መንጋ በቀን 100 ኩንታል ይበላል ማለት ነው። ስለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት አንበጣን ብቻ ሳይሆን ግሪሳንም በአውሮፕላን መርዝ እየረጨ ሲዋጋ የኖረው። መርዙም ግሪሳን ከሌላው ወፍ አይለይም፤ የሞተችውን የሚበላ ጭልፊትም አብሮ ይሞታል። ገበሬው በበኩሉ የራሱ ዘዴ ነበረው። ዘንጋዳን የመሰለው ቀዩ ማሽላ ቅርፊቱ ስለሚያጣብቅና ስለሚመር ወፎች ሌላ እስካገኙ ድረስ አይደፍሩትም፤ በአንጻሩ ወተት በጉንጬ የተባለው የወሎ ማሽላ፣ ስሙ እንደሚመሰክረው፣ ለልጅም ለወፍም እኩል ይጣፍጣል።

የእኔን ሰሌዳ የሞሏት ግሪሳዎች አልነበሩም። ድንቢጦችና የእነርሱ ዘመዶች ነበሩ። ይሁን እንጂ ለሽማግሌው ይህን መለየት ምን ይጠቅማቸዋል? ከሰሌዳዋ ጠግባ የተነሣች ወፍ ቀጥላ የምታርፈው ሃያ እርምጃ በሚርቀው በእርሳቸው ማሽላ ላይ ነው። ከዚህም በላይ፣ ሳይናገሩት የቀረ ሌላ ነገር እንዳለ ይሰማኛል። ወሎ በ1966 ዓ.ም. ገደማና በ1977 ዓ.ም. የደረሰባትን ያየ ሰው፣ እህል ለወፍ ሲበተን ቆሞ ሲመለከት በልቡ የሚያልፈውን ለመገመት ብዙ መራቀቅ አያሻም።

እንዲያስ ከሆነ ወፍን በእህል መጥራት ከየት መጣ? ልማዱ ከብርድ አገር የመጣ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1891 እጅግ ብርቱ የሆነ ክረምት በሆነ ጊዜ (ክረምት ሲባል የእኛን ዝናማማ ክረምት ማለቴ ሳይሆን የእነርሱን የበረዶ ወራት ነው) ጋዜጦች ሕዝቡ ለወፎች ፍርፋሪ እንዲያወጣ ለመኑ። ምድሪቱ በበረዶ ተሸፍና ወፎቹ የሚለቅሙት አጥተው ነበርና ልመናው የምሕረት ሥራ ነበረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከምሕረትነት ወደ መዝናኛነት፣ ከመዝናኛነትም ወደ ዕውቀት ተሻገረ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ በየዓመቱ በገና ሰሞን ተራ ሰዎች ወፍ ይቆጥራሉ፤ በእንግሊዝ ከ1979 ጀምሮ ልጆችና ሽማግሌዎች በጥር ወር በየጓሯቸው ለአንድ ሰዓት ተቀምጠው ያዩትን ጽፈው ይልካሉ፤ የኮርኔል ዩኒቨርስቲም ከ1987 ጀምሮ በመመገቢያ ሰሌዳ ላይ የሚታዩትን ወፎች የሚመዘግብ ሥራ ያካሂዳል። ከዚህ ሁሉ መዝገብ የትኛው ወፍ እየበዛ፣ የትኛው እያነሰ እንደ ሄደ ይታወቃል።

ልንወስደው የሚገባን እንግዲህ ይህን መዝገብ እንጂ ሰሌዳውን አይደለም። በውርጌሳ በረዶ የለም፤ ወፍም የምትበላው አላጣችም፤ አላጣችምና ነው ልጁ ማማ ላይ የተሰቀለው። እኔ የሰው መድኃኒት ሳልመረምር ለራሴ እንደ ወሰድሁ ሰው ሆኜ ነበር።

ወደ ጥር ወር፣ ለጥምቀት ስመለስ፣ አዝመራው ገብቶ፣ ማማዎቹ ባዶአቸውን ቀርተው፣ ምድሪቱ ደርቃ አገኘኋት። ያን ጊዜ ወፎቹ የቸገራቸው ምን እንደሆነ የነገረችኝ እናቴ ናት። «እህል እንኳ ከአውድማው አይጠፋም፤ ውሃ ነው እንጂ፤ ዕቃ ሳጥብ እግሬ ሥር ይመጣሉ» አለችኝ። ደረቅ ፍሬ የምትበላ ወፍ ከምግቧ የምታገኘው ውሃ እጅግ ጥቂት ስለሆነ በየቀኑ መጠጣት ግድ ይሆንባታል። የተሰበረ የእንስራ ገል ፈልጌ፣ በድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ውሃ አፈሰስሁበት፤ አጠገቡም አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ተከልሁ፤ ወፍ ከመጠጣቷ በፊት አርፋ ዙሪያዋን ማየት ትወዳለችና።

ያየሁትን ሁሉ ልዘርዝር ብል ገጹ አይበቃኝም። አንዱን ብቻ ልናገር። ልጆች ሳለን፣ ዶሮ ውሃ በጠጣች ቁጥር ቀና የምትለው ፈጣሪዋን ለማመስገን ነው ይሉን ነበረ። በእርግጥም ድንቢጧም ሌሎቹም እንደ ዶሮዋ ይጎነጩና ቀና ይላሉ። ዋኔ ግን ምንቃሯን ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ራሷን ሳታነሣ፣ እንደ በሬ ትስበዋለች! ርግብም እንዲሁ ናት። ይህንን በመጽሐፍ ላይ ኋላ አነበብሁት፤ አስቀድሜ ግን በእንስራ ገል ላይ አየሁት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ዋኔ እያየሁ ስትጠጣ አይቻት እንደማላውቅ የገባኝ በዚያ ጠዋት ነው።

ፎቶግራፉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ወፍ አትቆምም፤ ዐይን ደግሞ ይዘነጋል። ሥዕሉ ግን ይቆይልሃል። ከሩቅ አፈር መስላ የምትታየው ድንቢጥ በሥዕሉ ላይ ስትታይ ራሷ ግራጫ፣ ጀርባዋ እንደ ዛገ ብረት ቀላ ያለ ሆኖ ይገኛል። ከእርሷ የምታንስ፣ ሆዷ ሰማያዊ፣ በጉንጯ ላይ እንደ ማኅተም ክብ የሆነ ቀይ ነጥብ ያለባት ወፍ አለች፤ ይህችን በዐይኔ ብቻ ባያት ኖሮ ቀይ ነጥቡን ከጥላ አልለየውም ነበር። ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ካሜራ የግድ አያስፈልግም። ፀሐይን በስተኋላ አድርጎ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ፣ ወይም ስልኩን ከገሉ አጠገብ በድንጋይ አስደግፎ በራሱ እንዲቀርጽ ትቶ መሄድ ይቻላል። በጓሮ መሆኑም ሌላ ጥቅም አለው። በአደባባይ ካሜራና መነጽር አንጠልጥሎ ዛፍ ለዛፍ የሚያንጋጥጥ ሰው «ምን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ጠያቂው አይፈረድበትም፤ በገዛ ጓሮው የተቀመጠን ግን ከእናቱ በቀር የሚጠይቀው የለም።

አንዳንዱ አንባቢ «ይህ ሁሉ ለሥራ ፈት ነው፤ ዳቦ አይሆን!» እንደሚል አውቃለሁ። ዳቦ አለመሆኑን እኔም አምናለሁ። ነገር ግን በኢትዮጵያ ከ850 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች መኖራቸው ሲነገር፣ ይህን ቆጥረው የጻፉት በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች መሆናቸው አያሳስበንምን? እ.ኤ.አ. በ1976 በአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ለሳይንስ ያልታወቀች አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ተገኘች፤ በ1979 የአንኮበር ስም ተሰጥቷት በዓለም መጽሐፍ ተመዘገበች። ተገኘች የምንለው ለመጽሐፉ ነው እንጂ፣ የአንኮበር እረኛ ከአባቱ ከአያቱ ጀምሮ ከብቱን ሲጠብቅ ሲያያት ኖሯል። አልጻፋትም እንጂ አላጣትም። በ1990 ደግሞ በነጭ ሣር ሜዳ በመንገድ ላይ መኪና ከደፈጠጣት አንዲት የሌሊት ወፍ በል አእዋፍ ዘመድ አንድ ክንፍ ብቻ ተርፎ ተገኘ፤ በዚያ በአንድ ክንፍ ምክንያት በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተሰየመች። (የሌሊት ወፍ በል ማለቴ በሌሊት እየበረረች ነፍሳት የምትለቅመውን ነው፤ ለዚህች ወፍ በየአውራጃው ያለውን ስም ሰብስቦ የጻፈልን ሰው ቢኖር ኖሮ እንዲህ አልንተባተብም ነበር።)

ነገሩ ከቁም ነገር የሚገባበት ሌላም ስፍራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአፍሪካ ካሉት ጥንብ አንሣዎች አራት ዓይነቶቹ ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት እንስሳት ዝርዝር ገቡ፤ አራቱም በአገራችን ሰማይ የሚበሩ ናቸው። በከብት ሬሳ ላይ የሚደረግ መርዝና የመሳሰለው እየጨረሳቸው ነው። በውርጌሳ ሰማይ ላይ ከሃያ ዓመት በፊት ስንት ይዞሩ ነበር፣ ዛሬስ? «ድሮ ብዙ ነበሩ» የሚል ሰው በየቤቱ ይገኛል፤ ቀን ጠቅሶ ቁጥር የሚያወጣ ግን አላገኘሁም። የጠፋውን ለማወቅ የነበረውን መጻፍ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 ለወፎች ጠቃሚ የሆኑ 69 ስፍራዎችን ለይቶ በመጽሐፍ አውጥቷል፤ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ማኅበሩ በየሰው ጓሮ ሊቀመጥ አይችልም።

በየጓሮው ያለው ማን ነው? አስተማሪው፣ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ረዳቱ፣ ከዩኒቨርስቲ ለዕረፍት የመጣው ተማሪ ነው። አዲስ የተሾመ ወጣት ሠራተኛ ወደ አንድ ወረዳ ሲመደብ ሦስት ዓመት የሚቆጥረው ዝውውሩን እየጠበቀ ነው። ከቢሮ ወደ ምሳ፣ ከምሳ ወደ ቢሮ፣ ማታ ደግሞ ስልኩን ይዞ ስለ ሌላ አገር ያነባል። ይህ ሰው ማለዳ ግማሽ ሰዓት ከውሃ ገል ፊት ቢቀመጥ፣ ያየውን በደብተር ላይ ከቀኑና ከስፍራው ስም ጋር ቢያሰፍር፣ ፎቶግራፉን ደግሞ ለአካባቢው ልጆች አሳይቶ «ይህችን ምን ትሏታላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ዝውውሩ ሲመጣ ከእርሱ በፊት ማንም ያልጻፈውን ነገር ይዞ ይሄዳል። ከሁሉም ይልቅ ስሙ ያሳስበኛል። በመጽሐፍ የምናገኘው የላቲንና የእንግሊዝ ስም ነው፤ የማማው ልጅ የሚጠራበት ስም ከማማው ጋር እየቀረ ነው።

ለመጀመር የሚያስብ ሰው ቢኖር ከስሕተቴ የተማርሁትን ልንገረው። ማሽላ ባልተሰበሰበበት ወራት እህል አይበትን። ውሃውን በየቀኑ ይለውጥ፤ ገሉንም ይጠብ፤ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ2005 በኋላ በመመገቢያና በመጠጫ ስፍራ የሚተላለፍ በሽታ አንዱን የታወቀ አረንጓዴ ወፍ እጅግ አሳንሶታልና፣ ቸርነት ባልታጠበ ዕቃ ሲሆን መርዝ ነው። ከቁጥቋጦ አጠገብ ያድርገው፣ ግን ድመት የምትሸምቅበትን ያህል አይቅረብ፤ የእናቴ ድመት ይህንን ከእኔ በፊት ተረድታው ነበረ። ጎጆዋ ላይ የተቀመጠችውን ወፍ ለሥዕል ሲል አያስነሣት።

በጥር ወር መጨረሻ፣ ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ሽማግሌው ጎረቤታችን የልጅ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ገሉን አይተው «ይኸስ ደኅና ነው፤ ውሃ ማን ይከለክላል» አሉና በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔም ያነሣኋቸውን ሥዕሎች በስልኬ ላይ አሳየኋቸው። ሽማግሌው ዐይናቸው ስለ ደከመ ብዙም አላዩም፤ ልጁ ግን በትከሻቸው በኩል አንገቱን አስግጎ፤

«ይችማ ወንዱ ነው፣ ጋሼ! ሴቷ ጉንጯ ቀይ የላትም» አለኝ።

ይህንን እኔ ከመጽሐፍ ፈልጌ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኝ ነበረ።

«በምን አወቅህ?» ብለው አያቱ ቢጠይቁት፣ «ከማማው ሥር ነበሩ፤ መሬት መሬቱን ነው የሚለቅሙት፤ እነሱን አልወነጭፋቸውም» አለ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «ታያለህ? እኔ ወፍ ጠብቅ ብዬ ብሰደው ይመርጣል» ብለው ሳቁ።

ስልኩን እንድሰጠው ጠየቀኝና ሰጠሁት። እስኪመሽ ድረስ ከመጋረጃው ጀርባ አልተነሣም። አርባ ያህል ሥዕል አንሥቶ፣ ከእነዚያም አብዛኞቹ የሚያሳዩት ጅራትና ባዶ ገል ነበረ። ሁለቱ ግን የእኔን ሁሉ ያስንቃሉ፤ አንደኛው ዋኔዋ ምንቃሯን ነክራ፣ ዐይኗን ወደ መስኮቱ አድርጋ ስትጠጣ ያሳያል። በደብተሬ ላይ ቀኑን፣ ውርጌሳን፣ ከሥሩም የልጁን ስም ጻፍሁ።